የአይስክሬሙ 41 ግራም የት ገባ?

ማር_ወለላ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ ኩሽናዬ ውስጥ የሠራሁትን ሒሳብ ላቅርብና ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያርመኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ናት። የስኳር ሕመም አለባት፤ አይስክሬም ደግሞ ነፍሷ ነው። ልጆቼም በዚህ አያታቸውን ወጥተዋል። ስለዚህ ገበያ ስወጣ ሁለት ዓይነት እገዛለሁ። ለእናቴና ለልጆቹ ርካሹን ትልቅ ዕቃ፣ ጀርባው ላይ 180 ካሎሪ የሚለውን። ለእንግዳ ደግሞ ውዷን ትንሽ ዕቃ፣ 320 ካሎሪ የምትለውን። 180 ከ320 ያንሳል፤ ከዚህ በላይ አስቤበት አላውቅም።

ትናንት ልጄ ትንሿን ዕቃ በእጇ እየመዘነች «ይቺ ለምን ትከብዳለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሁለቱንም ጀርባ አዞርሁ። ሁለቱም «አንድ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ» ይላሉ። አጠገቡ ግን በግራም ተጽፏል፤ የርካሹ 88፣ የውዷ 129። አንድ ኩባያ፣ ሁለት ክብደት። አላመንሁም፤ ሚዛን አውጥቼ ሰፈርሁ። ልክ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ወደ 100 ግራም መለስሁት። ርካሹ 205 ካሎሪ፣ ውዷ 248። ቅባት 10 ግራምና 16 ግራም። እንደ ቅቤ የሚረጋው ቅባት ወደ 7 እና 10። እስከዚህ ድረስ የጠበቅሁት ነው። የተጨመረው ስኳር ላይ ስደርስ ግን እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። የርካሹ 18 ግራም፣ የውዷ 14! «ለስኳርሽ ይሻላል» እያልሁ እናቴን ሳበላት የከረምሁት፣ በግራም ሲታይ ስኳሩ የሚበዛውን ኖሯል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከአንድ ኩባያ ላይ 41 ግራም የት ገባ? እናቴንስ የትኛውን ልስጣት?

---

ሽሮ_ይሻላል

የትኛውንም አትስጫት። እናቶቻችን አይስክሬም ሳያውቁ ነው ዘጠና ዓመት የኖሩት።

---

ማር_ወለላ

@ሽሮ_ይሻላል እናቴ አይስክሬም የለመደችው ፒያሳ ነው፣ እኔ ሳልወለድ። ይህንን ምክር ራስዎ ይንገሯትና እንተያያለን።

---

ወተት_አላቢ (ዊስኮንሲን)

እኅቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ሰፍረሻል። 41 ግራሙ የትም አልገባም፤ መጀመሪያም አልነበረም። በቦታው ያለው አየር ነው።

የወተት ተዋጽኦ ፋብሪካ ውስጥ ስለምሠራ ነገሩን በየቀኑ አየዋለሁ። አይስክሬም የሚሠራው ፈሳሹ እየቀዘቀዘ ሳለ በመምታት ነው። ሲመታ አየር ይገባበታል። አየሩ ባይኖር ኖሮ ማንኪያ የማያስገባ የበረዶ ድንጋይ ነበር የምንበላው፤ ስለዚህ አየር ማስገባት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ተመትቶ ሁለት ሊትር አይስክሬም ሊወጣው ይችላል፤ ይህ ማለት ከገዛሽው ዕቃ ግማሹ አየር ነው።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ወለል አስቀምጧል። አንድ ጋሎን አይስክሬም ከ4.5 ፓውንድ በታች መመዘን የለበትም። ይህንን ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ብትመነዝሪው 85 ግራም አካባቢ ይመጣል። ያንቺ ርካሹ 88 ነው። ሕጉ ላይ ተንጠልጥሎ የቆመ ነው ማለት ነው። ቅባቱም እንዲሁ ነው፤ «አይስክሬም» ለመባል የወተት ቅባቱ ቢያንስ ከመቶ አሥር መሆን አለበት፣ ያንቺም 10 ነው። ፋብሪካው ደንቡን በደንብ አንብቧል።

ከዚያ ወለል በታች የወረደው ደግሞ ስሙ ይለወጣል እንጂ ከመደርደሪያው አይወርድም። የዕቃውን ፊት ደህና አድርገሽ ካየሽ «አይስክሬም» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ፍሮዝን ዴይሪ ዴዘርት» የሚል ታገኛለሽ። ሥዕሉ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ማቀዝቀዣውም ያው ነው።

ስለ ስኳሩ ልጨምር። ቅባት ሲቀነስ አፍ ላይ የሚሰማው ልስላሴ አብሮ ይቀንሳል። ያንን ለመተካት ብዙ ጊዜ ስኳርና የበቆሎ ሽሮፕ ከፍ ይደረጋል። ስኳር የሚጨመረው ለጣዕም ብቻም አይደለም፤ ውኃው ጨርሶ በረዶ ሆኖ እንዳይጋገር ያደርጋል፣ ማንኪያ የሚገባውም በእሱ ነው። ብርድ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል። አንድ ቀን የቀለጠ አይስክሬም ቅመሺ፤ ጣፋጭነቱ ያንገሸግሽሻል። መጠኑ ግን ቀዝቅዞ ስትበዪው የነበረው ያው ነው።

---

ጋሻው_ዳላስ

ወንድሜ ዊስኮንሲን፣ አክብሬህ ነው፤ ግን አየር ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ርካሽ አይስክሬም በረንዳ ላይ ረስቼው አደረ። ጠዋት ስመለስ እንደ አረፋ ቆሟል፣ አልቀለጠም! በዳላስ ሙቀት! ፕላስቲክ ካልሆነ ምንድን ነው? የአሳማ ስብም አለበት ይባላል።

---

ወተት_አላቢ

@ጋሻው_ዳላስ ፕላስቲክ አይደለም። ቀልጧል፤ ቅርጹን ግን አልለቀቀም። ከግብዓቶቹ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ ጓር ጋም፣ ሎከስት ቢን ጋም፣ ካራጂናን የሚሉ ስሞች ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጥራጥሬና ከዛፍ ፍሬ የሚወጡ ናቸው፣ ሦስተኛው ከባሕር አረም። ውኃ ይይዛሉ። ተልባ በጥብጠህ ብታሳድረው ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? ሥራው እንደዚያ ነው። መጠናቸው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳን አይሞላም። የሚጨመሩትም አይስክሬሙ ከመደብር ማቀዝቀዣ እስከ ቤትህ ማቀዝቀዣ ሲመላለስ በረዶ እንዳያበቅል ነው። አየር የበዛበት ደግሞ እንደ አረፋ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም።

ስለ አሳማው፣ ጥርጣሬህ ከመሬት አልተነሣም። «ሞኖ ኤንድ ዳይግሊሰራይድስ» የሚባለው ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳት ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ጄላቲን ካለም ከእንስሳ ነው። ለሃይማኖትህ ብለህ የምትጠነቀቅ ከሆነ የሐላል ወይም የኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚፈቅደው) ምልክት ፈልግ። ሁሉም አይስክሬም ውስጥ አሳማ አለ ማለት ግን ትክክል አይደለም።

---

ነርስ_በሥራ_ላይ (ሲያትል)

@ማር_ወለላ ወደ እናትሽ ልመለስ፤ አየሩ ብዙ አስወራን።

በመጀመሪያ፣ የተጨመረውን ስኳር ማየትሽ ጥሩ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን መጀመሪያ የሚታየው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለው መስመር ነው። የወተቱ የራሱ ስኳርም እዚያ ውስጥ ይቆጠራልና። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለውን ገዝተሽ ልብሽ እንዳይረጋጋ የምልሽም ለዚህ ነው። የወተት ስኳሩ አለ፤ በስኳር ምትክ የሚገባው ማልቲቶልም የደም ስኳርን ይጨምራል፣ ከተራ ስኳር ያነሰ ቢሆንም። በዛ አድርገው ከበሉት ደግሞ ሆድ ያላላል። አንድ አባት ሙሉ ዕቃ ጨርሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ለእኔው ነው የነገሩኝ፤ ዝርዝሩን እተወዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ቅባቱ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ስለዚህ ከበሉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለክታችሁ «ምንም አላለኝም» እንዳትሉ። ከመብላታቸው በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩና ጻፉት። የአንድ ሳምንት ጽሑፍ ይዛችሁ ሐኪማቸው ዘንድ ብትሄዱ እኔ እዚህ ከምናገረው ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛውን ሳትጠይቂኝ የምነግርሽ ብዙ ቤት ስለማየው ነው። እናትሽ ኢንሱሊን ወይም ስኳር በጣም የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ስኳራቸው ድንገት ሲወርድ አይስክሬም አትስጧቸው። ያው ቅባቱ ያዘገየዋል፤ እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ነገር ነው። ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ይስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።

የሁለቱ ዕቃ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ስንት ነው?

---

ማር_ወለላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያቺን ሦስተኛዋን ባትነግሪኝ ኖሮ! ባለፈው ወር ስኳሯ ወርዶ ስትንቀጠቀጥ ወንድሜ አይስክሬም ነበር ያቀረበላት። «ጣፋጭ አይደል እንዴ?» ብሎ። ዛሬ ጭማቂ ገዝቼ ማቀዝቀዣው በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ ልጆቹም እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል።

ካርቦሃይድሬቱ በአንድ ድርሻ ርካሹ 21፣ ውዷ 24 ግራም ነው።

---

ነርስ_በሥራ_ላይ

ወደ 100 ግራም ሲመለስ ርካሹ 24፣ ውዷ 19 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከውዷ 60 ግራም ብትሰፍሪላቸው ካርቦሃይድሬቱ 11 ግራም፣ ካሎሪው 150 አካባቢ ይሆናል። ትንሽ ኳስ ናት፤ ነገር ግን የወፈረች ኳስ ናት፣ አፍ ላይ ትቆያለች። ልባቸውን ወይም ኮሌስትሮላቸውን በተመለከተ የተነገራቸው ነገር ካለ ግን ውዷ ያ የሚረጋው ቅባት ይበዛባታል፤ በ60 ግራም 6 ግራም። እዚህ ላይ ሐኪሙ ይግባበት።

---

ማር_ወለላ

60 ግራም ስትዪ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዛሬ ባለቤቴን ሳልነግረው የራሱን ሳህን መዘንሁበት። እንደ ልማዱ ከውዷ ሲቀዳ 240 ግራም። ወደ 600 ካሎሪ፣ የተጨመረው ስኳር 33 ግራም። እሱ ግን «አንድ ድርሻ» በላሁ ነው የሚለው።

---

ወተት_አላቢ

ባለቤትሽ ብቻቸውን አይደሉም። ድርሻው ድሮ ግማሽ ኩባያ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሠንጠረዡን ሲያሻሽል ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ከፍ ያደረገው ሰው የሚበላው ከዚያ ስለሚበልጥ ነው። «ይህን ያህል ብሉ» ማለቱ አይደለም። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያነበዋል። የተጨመረው ስኳር ለብቻው መጻፍ የጀመረውም በዚያው ማሻሻያ ነው። አጠገቡ ያለው መቶኛ የሚሰላው በቀን 50 ግራም ተብሎ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን ለሴት 25፣ ለወንድ 36፣ ከሁለት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ደግሞ ከ25 በታች ይላል። ባለቤትሽ በአንድ ሳህን ጫፍ ደርሰዋል።

---

ዘናታንያ (እስራኤል)

እኛ አገር ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ፊቱ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል። በ100 ግራም ከ10 ግራም በላይ ስኳር ካለው አንድ ቀይ፣ የሚረጋው ቅባት ከ4 ግራም ካለፈ ሌላ ቀይ። የእኅታችን ሁለቱም ዕቃዎች እዚህ ቢመጡ ሁለት ሁለት ቀይ ይዘው ነው የሚቆሙት።

ችግሩ፣ አይስክሬም ሁሉ ቀይ ከሆነ ቀዩን ማን ያየዋል? እናቴ «ይሄ ቀዩ የእንጆሪው ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።

---

አንበሳ_በለንደን

ዘናታንያ፣ እዚህ የውዷ ስኳር ቀይ አይሆንም! በእንግሊዝ በፈቃደኝነት የሚለጠፍ የትራፊክ መብራት አለ። ስኳሩ ቀይ የሚበራው በ100 ግራም ከ22.5 ግራም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የማር ወለላ ውዷ ስኳር፣ የወተቱ ተጨምሮም ከ19 ግራም ስለማያልፍ፣ ናታንያ ላይ ቀይ፣ ለንደን ላይ ብርቱካናማ ነው። አይስክሬሙ አልተለወጠም፤ የተሻገረው ድንበር ብቻ ነው። የሚረጋው ቅባት ግን ከ5 ስለሚያልፍ እኛም ጋ ቀይ ይበራል።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ በ100 ግራም፣ አንዳንዱ በ100 ሚሊ ሊትር ነው የተጻፈው። በሚሊ ሊትር የተጻፈው አየሩን አብሮ ስለሚቆጥር ሁልጊዜ የዋህ ይመስላል። ሌላው፣ በእንግሊዝ አይስክሬም የተባለ ሁሉ የወተት ቅባት ነው ማለት አይደለም፤ የኮኮናት ወይም የዘንባባ ዘይት ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን አንብቡ።

---

ጾመኛው

ወንድሞችና እኅቶች፣ የኮኮናት ዘይት ካለበትማ ለጾም ይሆነናል! ጾም ሲገባ ልጆቼ ያስጨንቁኛል። ሸርቤት የሚባለውን እገዛላቸዋለሁ፤ ፍራፍሬ ነው፣ ወተት የለበትም ብለውኛል።

---

ወተት_አላቢ

@ጾመኛው ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ጾሙን አስፈትተሃቸዋል። አሜሪካ ውስጥ «ሸርበት» የሚባለው ከመቶ አንድ እስከ ሁለት የወተት ቅባት ያለበት ነው፤ ሕጉ ራሱ ወተት እንዲኖረው ያዛል። ወተት የሌለበት «ሶርቤ» ነው። ስማቸው መንታ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል።

«ናን ዴይሪ» የሚለውንም ሳታገላብጥ አትመን፤ ኬዝኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል። ቀላሉ መንገድ የግብዓቶቹ ዝርዝር ከሚያልቅበት በታች «ኮንቴይንስ» የሚለውን መስመር ማየት ነው። ለአለርጂ ሰዎች ሲባል ወተትና እንቁላል እዚያ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ስማቸው እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። ለአለርጂ የወጣ ሕግ ለጾመኛም ጠቀመ።

---

ዘናታንያ

በዚያ ላይ ልጨምር። የኮሸር ምልክት አጠገብ «ዲ» የሚል ፊደል ካለ ወተት አለበት ማለት ነው። «ፓርቬ» ካለ ሥጋም ወተትም የለበትም። ጾመኛው ግን እዚህም ላይ ይጠንቀቁ፤ ፓርቬ ውስጥ እንቁላል ይፈቀዳል። ለእኛ ችግር የለውም፣ ለእርስዎ ጾም ግን ይከለክላል።

---

ጾመኛው

ስንት ዓመት! ልጆቹ አውቀው እንዳላደረጉት እግዚአብሔር ያውቃል። የኮኮናቱን እገዛለሁ እንግዲህ፤ ቢያንስ ለጤናም ቀላል ነው።

---

ነርስ_በሥራ_ላይ

ወተትና እንቁላል ከሌለበት ለጾሙ ይሆናል። ለጤና ቀላል ነው ያልዎት ግን አይሆንም። የኮኮናት ቅባት አብዛኛው ያው የሚረጋው ዓይነት ነው፤ በዚህ ከቅቤ ይብሳል። ጾም ስለሆነ ከሐኪም ቀጠሮ አያተርፍም።

---

ሽሮ_ይሻላል

ይኸው! ዞራችሁ ዞራችሁ ወደ እኔ መጣችሁ። ለመሆኑ ምግብነት አለው? ልጆቹ «ወተት ነው፣ ካልሲየም አለው» ይላሉ።

---

ወተት_አላቢ

ትንሽ አለው፤ አይካድም። 100 ግራም የቫኒላ አይስክሬም ወደ 130 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 3.5 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። አንድ ኩባያ ወተት ግን ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 8 ግራም ፕሮቲን አለው። ለካልሲየም ብሎ አይስክሬም የሚበላ ሰው ለፋይበር ብሎ ኬክ እንደሚበላ ነው። ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭ ተብሎ ይበላ።

---

ከቦሌ_ሚካኤል (አዲስ አበባ)

ከአገር ቤት ልግባ። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ በየሱቁ ያለው አይስክሬም ቀልጦ እንደገና ይጋገራል። ስትከፍቱት ዕቃው ጎድሏል፣ አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሱቁ የበላብን ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ አየሩ ወጥቶ ነው?

---

ወተት_አላቢ

በትክክል። ሲቀልጥ አየሩ አምልጧል፣ ሲጋገር የበረዶው ቅንጣት አድጓል፤ አሸዋው እሱ ነው። ከእንደዚያ ዓይነቱ አንድ ኩባያ ብትሰፍር ሠንጠረዡ ከሚለው ይከብዳል፣ ካሎሪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለማንኛውም ቀልጦ የተጋገረ መሆኑን ካወቅህ አትብላው፤ ለስንት ሰዓት ሙቀት ላይ እንደቆየ አይታወቅም።

---

ማር_ወለላ

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ከልጆቹ ጋር የማቅለጡን ሙከራ ሠራን። ከሁለቱም አንድ አንድ ኩባያ ሞልተን በብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ርካሹ ቀልጦ፣ አረፋው በማንኪያ ተመትቶ ሲወርድ፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ውዷ ብዙም አልወረደችም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ብርጭቆ ስታይ ቆየችና «ታዲያ ይህንን ያህል ጊዜ ለእኔ አየር ነው የምትገዢልኝ?» አለች።

ከዛሬ ጀምሮ 60 ግራም፣ ከውዷ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ እየለካን እንጽፋለን፤ ቀጠሮዋ ሲደርስ የሐኪሙን ቃል እዚህ አሰፍራለሁ።

---

ጋሻው_ዳላስ

እኔም ልሞክረው ነው። ያ ሚዛን ምን ዓይነት ነው? ግራም በግራም የሚያነብብ?

---

ማር_ወለላ

ለጤፍ ዱቄት የገዛሁት ተራ የኩሽና ሚዛን ነው። ሳህኑን አስቀምጠህ ዜሮ አድርገው፣ ከዚያ ቅዳ። ባለቤቴ እንዳያይህ እንጂ፤ የእኛን ትናንት ደብቆታል።